«ሃምሳ ስድስት ሞዴል» በየትኛው አቆጣጠር?

ጥያቄው የመጣው ጉለሌ ከሚኖር ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ጋሼ፣ ሰፈር ለሰፈር ስዞር አሮጌ መኪና ካየሁ ፎቶ ሳላነሳ አላልፍም። ግን የቱ ምን እንደሆነ፣ የስንት ዘመን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጎረቤታችን እማማ ግቢ ውስጥ አንዲት ቮልስ ቆማለች። ‹ሃምሳ ስድስት ሞዴል ናት› ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹በፍጹም አይደለችም› ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ማን ነው ልክ? ሌሎቹንስ በምን ልለያቸው? የትስ ልፈልጋቸው? የጭነት መኪናም ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኛል።» አራት ፎቶ አያይዞልኛል።

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ከቮልሷ ልጀምር። በእሷ ላይ የተነሳው ክርክር ለሌሎቹም መንገድ ይከፍታል።

እማማም ልክ ናቸው፣ ጓደኛህም ልክ ነው። የተለያዩት በመኪናዋ ሳይሆን በዘመን አቆጣጠር ነው።

ጓደኛህ 56 ሲባል የመጣለት የፈረንጁ 1956 ነው። የዚያን ዓመት ቮልስ የኋላ መስታወቷ ሞላላ ነው። እንቁላል በጎኑ ያስተኙት ይመስላል። ከዚያ ቀደም ያሉት፣ እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ የተሠሩት፣ የኋላ መስታወታቸው መሃል ላይ በላሜራ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሞላላው እስከ 1957 አጋማሽ ቆየና በሰፊ አራት ማዕዘን መስታወት ተተካ። ፎቶህ ላይ የሚታየው አራት ማዕዘኑ ነው። ስለዚህ መኪናዋ የፈረንጁ 1956 ልትሆን አትችልም። ጓደኛህ እዚህ ድረስ አልተሳሳተም።

እማማ ግን የሚቆጥሩት በኛ ነው። የኛ 1956 ዓ.ም. በፈረንጅ ከ1963 መስከረም እስከ 1964 መስከረም መጀመሪያ ያለው ነው። አሁን ፎቶውን በዚህ ዓይን ተመልከተው። የፊት መብራቷ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ መስታወት ለብሷል። ቀጥ ብሎ የቆመው መብራት በአውሮፓ ቮልሶች ላይ የገባው በነሐሴ 1967 ነው። ፍሬቻዋ የፊት ፓራፋንጎ ላይ፣ ጎማውን በሚሸፍነው ላሜራ ላይ፣ ተቀምጧል። ድሮ ግን ቮልስ ከበሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ ትንሽ እጅ አውጥታ ነበር «ልታጠፍ ነው» የምትለው። አውሮፓ ላይ ያ እጅ የቀረው በ1960 ነው። ከነሐሴ 1964 ጀምሮ ደግሞ መስታወቶቿ በሙሉ ሰፉ፣ ምሰሶዎቹም ቀጠኑ። የእማማ ቮልስ ምሰሶዎቿ ወፍራም ናቸው። እነዚህን አንድ ላይ ስታደርጋቸው መኪናዋ ከ1960 እስከ 1964 አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ትወድቃለች። የእማማ 56ም እዚያው ውስጥ ነው።

እግረ መንገዴን ልንገርህ፣ 1956 ዓ.ም. ለመንገዳችን ተራ ዓመት አልነበረም። እስከዚያ ድረስ የምንነዳው በግራ በኩል ነበር። ወደ ቀኝ የዞርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው። የእማማ ቮልስ የተገዛችው ከሰኔ በፊት ከሆነ በሁለቱም በኩል ተነድታለች ማለት ነው። ጠይቃቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሊብሬ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ አንድ ሰው የመኪና ዓመት ሲነግርህ መጀመሪያ «በኛ ነው በፈረንጅ?» በል። ደላላ በፈረንጅ ነው የሚያወራው። አዛውንት ብዙ ጊዜ በኛ ያወራሉ። ያውም የሚነግሩህ የተሠራችበትን ሳይሆን የተገዛችበትን ዓመት ይሆናል። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ስንት ጓደኛሞች ተኳርፈዋል!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መስታወትና ምሰሶ ላይ ያተኮርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቮልስ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣች። የኋላ መብራቷ ትልልቅና ክብ ነበር። ይህ መብራት የገባው በነሐሴ 1972 መሆኑን በቅርቡ አንብቤ ነበርና ሰው በተሰበሰበበት «ይቺ የ73 ናት» ብዬ ፈረድኩ። ባለቤቱ ሳቁ። ሊብሬያቸውን አወጡ። መኪናዋ እኔ ካልኩት ዘጠኝ ዓመት ትበልጣለች። የኋላ ፓራፋንጎዋ ተመትቶ ስለነበር የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደው ከተገኘው ጋር አስገጥመውላታል። መብራቱ ከፓራፋንጎው ጋር ነው የመጣው። የዚያን ቀን ቡና የጋበዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። የሚፈታ ነገር አላምንም። መብራት ይፈታል። ፓራውልት ይፈታል። ቸርኬ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ሞተርም ይፈታል። አዲስ አበባ ውስጥ ስልሳ ዓመት የቆየች መኪና እነዚህን ሁሉ አንዴ ሳይሆን ሦስት አራቴ ቀይራለች። የማይፈታው ጣራው፣ የመስታወቱ ቀዳዳ፣ ምሰሶውና ሻንሲው፣ ሁሉን የተሸከመው የስር ብረት፣ ነው። የቱንም ያህል ጎበዝ ባትላሜራ ቢሆን ለአንድ ደንበኛ ብሎ የመስታወት ቀዳዳ አያሰፋም። ዓይንህን ከወገብ በላይ አድርግ። ከወገብ በታች ያለውን የጠገነው ጋራዥና የሶማሌ ተራ ገበያ ነው የሚያወራው።

መስታወቱ ራሱም ሌላ ነገር ይናገራል። እንደምታውቀው የስፖኪዮና የመብራት ሌባ ስላማረረን ሰው የታርጋ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ያስቀርጻል። በአሮጌ መኪና ላይ የአንዱ በር መስታወት ቁጥር ከሌሎቹ ከተለየ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ከበሩ ጋር ይሁን ለብቻው መምጣቱን ባለቤቱን ጠይቅ። ታርጋው ራሱ ግን ዕድሜ አይነግርህም። በቆየው አሠራር ሰማያዊ ከሆነ የግል፣ ቀይ ከሆነ ታክሲ፣ አረንጓዴ ከሆነ የንግድ መሆኑን ይነግርሃል እንጂ የተሠራበትን ዘመን አይናገርም። መኪናው አገልግሎቱን ሲቀይር ታርጋውም ይቀየራል።

ወደ ሁለተኛው ፎቶ ልለፍ። «ፊያት 124 ታክሲ» ብለህ ጽፈህበታል። ላዳ ናት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይስታል፣ ቢስትም አይፈረድበትም። ሁለቱ እህትማማች ናቸው። ሶቭየቶች በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ተከሉ። ከተማዋ ከ1964 ጀምሮ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት ስም ቶልያቲ ትባላለች። በ1970 የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ከዚያ ወጡ። መነሻቸው 124 ነው። ሩሲያ መንገድ ላይ ሲሞክሯት ግን አልቻለችውም። ስለዚህ ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኗን አውጥተው ከበሮ አስገቡላት፣ ሞተሩንም ቀየሩት። ለኛ ኮረኮንች የተመቸችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከውጭ መለያው የበሩ እጀታ ነው። የፊያቷ እጀታ ወደ ውጭ ወጣ ያለና በአውራ ጣት የሚጫኑት ቁልፍ ያለው ነው። የላዳዋ በሩ ውስጥ ገባ ብሎ ተቀምጧል። ፎቶህን አሳድገህ እየው፣ ገባ ያለ ነው። በሩን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ማንም ወደ ፊያት እጀታ ሲቀይር አላየሁም። የድሮዋ ላዳ ሞተሯ በማንቀሳቀሻ ብረት እንዲዞር የተሠራ ነው። ባትሪ የሞተበት ሾፌር ያቺን ብረት ይመርቃታል።

ከላዳዎቹ ውስጥ ክብ ሁለት መብራት ያላት 2101 ናት። አራት ክብ መብራት ካላት 2103 ወይም 2106 ናት። መብራቷ አራት ማዕዘን ከሆነ ወደ 2105 እና 2107 መጥተሃል። እነዚህ ከ1980 ገደማ ወዲህ የመጡ ናቸው። 2107ን በፊቷ ላይ ባለው ትልቅ የሚያብለጨልጭ ግሪል ትለያታለህ። ግሪሉ ግን ይፈታል! 2105 ገዝቶ የ2107 ፊት የሚያስገጥም ሰው ሞልቷል። ከቅንጦት ቢሆን ማን ይጠላል።

ላዳ ታክሲ ከመንገዳችን እየቀነሰች ነው። ስለዚህ ሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ሳይነካ የቆመች ካገኘህ አንሳት። ከእሷ በፊት ሰማያዊና ነጩን የለበሰችው ፊያት 600 ነበረች፣ ሴይቼንቶ። ስሟ በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። ያቺ ሚጢጢ መኪና ሞተሯ እንደ ቮልስ ከኋላ ነው። ልዩነቱ ቮልስን የሚያቀዘቅዛት አየር ሲሆን ሴይቼንቶን የሚያቀዘቅዛት ውሃ ነው። ዳገት ላይ የምትፈላውም ለዚሁ ነበር። ሴይቼንቶ ካገኘህ በሩን እየው። ማጠፊያው ከኋላ ሆኖ በሩ በፊት በኩል ከከፈተ ከ1964 በፊት የተሠራች ናት። ከዚያ ወዲህ እንደማንኛውም መኪና ማጠፊያው ወደ ፊት መጣ። የበር ማጠፊያ ደግሞ ከማይፈታው ወገን ነው። እስከ ዛሬ የሚያሽከረክራት ሰው ካገኘህ ንገረኝ፣ እኔም መጥቼ አያታለሁ።

ስለ ቮልስ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወሰዷቸው በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሥ! የድሮ ሰዎች ቮልስ ሲያዩ ይህንን ሳያነሱ አያልፉም። አንተም ፎቶ ስታነሳ አጠገብህ ቆመው ቢጀምሩልህ አትቸኩል።

ሦስተኛው ፎቶ ሸራ ለብሳለች። ከሸራው ስር የወጣው የኋላ ጫፏ ብቻ ነው። «ምን እንደሆነች ማንም አያውቅም» ትላለህ። እኔ አውቃታለሁ። ከኋላዋ ወደ ላይ ሾጠጥ ብሎ የወጣው ክንፍ፣ ከሥሩም ያዘነበለው መብራት የፔጆ 404 ነው። ከ1960 ጀምሮ የተሠራች መኪና ናት፣ ቅርጿን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ክንፍ ያለው ሌላ መኪና አለ፣ ለምሳሌ የዚያን ዘመን መርሴዲስ። የመርሴዲሱ ግን ጠርዙ ዝቅና ክብ ያለ ነው። የ404ቱ እንደ ቢላ ይቆርጣል። አዲስ አበባ ላይ አሁን ብርቅ ሆናለች። ሐረር ሂድና እይ። እዚያ 404 ታክሲ የከተማው መልክ ናት፣ ጀጎል በር ላይ ተሰልፈው ታገኛቸዋለህ። የሐረር ሜካኒክ ለዚህች መኪና ያለው እጅ ለብቻው ነው።

ቶዮታ ዲኤክስን በፎቶህ ውስጥ አላየሁም። «እሷማ በየቦታው አለች» ብለህ ዘለልካት መሰለኝ። ስህተት ነው። ከ1979 ጀምሮ የተሠራችው ኮሮላ ከአርባ ዓመት አልፋለች። ዲኤክስ ደግሞ የሞዴል ስም እንኳ አይደለም፣ ደሉክስ ለሚለው የደረጃ ስም ማሳጠሪያ ነው። እኛ ስሟ አደረግነው። ዛሬ የናቅናትን ዲኤክስ የዛሬ ሃያ ዓመት ልጆች ፎቶዋን ፍለጋ ይዞራሉ። አሁን አንሳት።

ላንድሮቨር ካጋጠመህ ትንሽ ማግኔት ኪስህ ውስጥ ይኑር። የድሮው ላንድሮቨር አካሉ አሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ ማግኔት አይዘውም። ማግኔት በሩ ላይ ከተጣበቀ በሩ ሌላ ነው፣ ወይም ጋራዥ ውስጥ በላሜራ ተሠርቷል። መብራቶቹ መሃል ግሪሉ ላይ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት ነው። ወደ ዳር ወጥተው ፓራፋንጎው ላይ ከሆኑ ከዚያ ወዲህ ነው። ይሄን ያልኩህ ግን ፓራፋንጎው የራሱ ከሆነ ነው። ማግኔቱን ስትጠቀም ባለቤቱን ማስፈቀድ እንዳትረሳ። አንድ ጊዜ እኔን «ምን እየለጠፍክብኝ ነው?» ያሉኝ ሽማግሌ ነበሩ።

አሁን የጭነት መኪናው። አራተኛው ፎቶ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ፎቶ ሳይ ነው ለመመለስ የተቀመጥኩት።

ይሄ ኤንትሬ ነው። ሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3። ሦስት በጣሊያንኛ «ትሬ» ስለሆነ ኤንትሬ ተባለ። ጣሊያን 682ን መሥራት የጀመረችው በ1952 ነው፣ ኤን 3 የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፊቱን እየው። አፍንጫ የለውም። ሞተሩ ካቢናው ውስጥ ነው፣ በሾፌሩና በረዳቱ መሃል። ክረምት ላይ ረዳቱ ልብሱን የሚያደርቀው እሱ ላይ ነበር። ከግሪሉ በላይ ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ጌጥ አለ። ጣሊያኖች ይህንን ካቢና «ባፎ» ይሉታል፣ ጺም ማለት ነው። ከሩቅ ስታየው በእርግጥ ጺሙን ያበጠረ አባወራ ይመስላል።

ፎቶህ ላይ መሪው በቀኝ መሆኑን አስተውለሃል? «ከ1956 ዓ.ም. በፊት የገባ ነው ማለት ነው?» ብለህ እንዳትቸኩል። በትናንሽ መኪና ቢሆን ጥሩ ፍንጭ ይሆን ነበር። ከባድ መኪና ላይ ግን አይሠራም። ጣሊያኖች ራሳቸው በቀኝ እየነዱ የከባድ መኪና መሪን በቀኝ ያደርጉ ነበር። ሾፌሩ የተራራውን መንገድ ጠርዝ ቁልቁል እያየ እንዲነዳ ነው። ጣርማ በርን ተሳቢ ይዞ የወጣ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። የሚቸግረው ቀድሞ ማለፍ ላይ ነው። ያኔ ረዳቱ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ና! ና!» ይላል። ረዳት ማለት ጎማ የሚቀይር ብቻ አልነበረም፣ የሾፌሩ ግማሽ ዓይን ነበር።

ኤንትሬ ለኛ መኪና ብቻ አይደለም። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን የአገሩ ዕቃ ከባሕር ወደ ደጋ የወጣው በእነዚህ ጀርባ ነው። የአፋርን ሙቀት ጨርሶ፣ የደጋውን ብርድ ገብቶ፣ ከአሥር ሊትር በላይ በሆነው ሞተሩ እያጓራ መርካቶ ይገባ ነበር። ድምፁን የሰማ ሰው አይረሳውም። ማርሽ ሲቀንስ ወገብህ ውስጥ ነው የሚሰማህ። ዛሬ ረጅም መንገድ ላይ ብዙም አታየውም። የቀረው ከተማ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል፣ ወይም ውሃ ቦቴ ሆኖ የግንባታ ቦታ ደጃፍ ይቆማል። ያንተውም ቦቴ ነው። ጫኝ እንዳይመስልህ፣ ጡረታ ወጥቶ ዘበኛ የሆነ ሽማግሌ በለው።

የጭነት መኪና ስታነሳ ከካቢናው ኋላ ያለውን አትመን። ስፖንዳው እዚሁ የተበየደ ነው። ቦቴውም እዚሁ። አንዱ ሻንሲ በዕድሜው እህል፣ ከብት፣ አሸዋ፣ ውሃ ጭኗል። ሞተሩም ሦስተኛው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካቢናውን፣ ከዚያም ጎንበስ ብለህ ሻንሲውን አንሳ። ባሌስትራውን፣ በብረት ቅጠል የተደራረበውን ሞላ፣ ጨምርበት። ስንት ቅጠል እንደተደረበበት ቁጠር። ከፋብሪካው ቁጥር በላይ ደርበው የሚጭኑ ሰዎች አገር ውስጥ ነው ያለነው።

ከኤንትሬ የሚቀድመው ትሬንታ ኳትሮ ነው፣ ሠላሳ አራት። ፊያት 634 ኤን። ከ1931 እስከ 1939 የተሠራ፣ ረጅም አፍንጫ ያለው ናፍጣ መኪና ነው። ስሙ ላይ ያለው ኤን ራሱ «ናፍታ» ከሚለው የመጣ ነው። ናፍጣ የምንለውም ከዚያው ነው። የጣሊያን ጦር ይዞት መጣ፣ ጦሩ ሲባረር መኪናው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሀበሻ ሾፌር ነዳው። አሁን መንገድ ላይ አገኘሁ ብትለኝ አላምንህም። አሮጌ ብረት በተከመረበት ጓሮ ውስጥ ካቢናውን አገኘሁ ካልከኝ ግን ጫማዬን አድርጌ እመጣለሁ።

የደርግ ዘመን መኪናዎችም አትናቃቸው። ኡራል፣ ዚል፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ፣ የሶቭየቷ ጂፕ ዋዝ። ሰው ሲያያቸው ትዝታው ስለማይጥመው ፎቶ አያነሳቸውም። ይገባኛል። ዋዝ ደጃፉ ላይ ስትቆም ምን ማለት እንደነበረ የሚያስታውስ ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አንደበትህን ጠብቅ። «እንዴት ታምራለች!» ከማለትህ በፊት የቆመበትን ግቢ ሰዎች አጢናቸው።

ይህን ሁሉ መኪና ያቆየው ምንድን ነው ትል ይሆናል። አየሩ አንዱ ነው። አዲስ አበባ መንገዱ እንደ አውሮፓ በረዶ ለብሶ ስለማይከርም ጨው አይበተንበትም። አውሮፓ ውስጥ ላሜራ የሚበላው እሱ ነው። ሌላው ቀረጥ ነው። አዲስ መኪና የማይደፈር ሲሆን ያለውን መጠገን ግድ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ሲያከብድ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል፣ የቆመችው ሁሉ እንደገና ታየች። ሸራ ውስጥ አሥር ዓመት የተኛችውን መኪና «ትነሳ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል።

የት ልፈልግ ላልከኝ፣ ቦሌን ተወው። የድሮ ባለግቢ ያለበት ሰፈር ይሻላል። ያንተው ጉለሌ፣ እንቁላል ፋብሪካ፣ ቄራ፣ ጎፋ፣ ሳር ቤት። ፒያሳና ካዛንቺስ ድሮ ቢሆን መጀመሪያ እጠራቸው ነበር። አሁን በኮሪደር ልማት ብዙው ፈርሷል፣ ጋራዦቹም ተበትነዋል። ፎቶ አንስተህ ያስቀመጥካቸው ካሉ ቀኑንና ቦታውን ጻፍባቸው። ሰዓቱ እሑድ ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚነዷት አዛውንት አሉ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ የምትወጣ መኪና ታያለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ መኪናውን የሚያጥብ ሰው አይጠፋም። የሚያጥብ ሰው ማውራት ይወዳል።

ሳታስፈቅድ ግን አታንሳ። አንደኛ ነውር ነው። ሁለተኛ ጠብ ያመጣብሃል፣ «ደላላ ነህ? ወይስ ከወረዳ ነው የመጣኸው?» ትባላለህ። «ጋሼ፣ መኪናዎት ደስ ስላለኝ ነው» ብለህ ጀምር። ፎቶውን ስታወጣ ታርጋውን ሸፍን፣ ቤቱን አትጥቀስ። የቆመች መኪና ቦታዋ ከታወቀ ሌሊት መብራቷ ይጎድላል። አንድ የማውቃቸው ሰው የሴይቼንቶ ስፖኪዮ ጠፍቶባቸው የራሳቸውን መልሰው የገዙ ይመስላቸዋል። እኔም ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳያሳስትህ። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ የሚባለው፣ ታሪካዊ የሚለው መኪና ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ እንደተሠራበት ዘመን ሆኖ የተጠበቀና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል ነው። በዚህ ከሄድን ያንተ ላዳ ትወድቃለች፣ ኤንትሬውም ይወድቃል። ጠዋት ተነስተው ሥራ ይሄዳላ! እኔ በዚህ አልስማማም። የሙዚየም መኪና ሁሉም አገር አለ። ስልሳ ዓመቱን ይዞ ውሃ የሚያመላልስ ግን የሚታይ ነገር ነው።

ወደ እማማ ቮልስ ልመልስህና ልጨርስ። ክርክራችሁን የሚዘጋው የሻንሲ ቁጥር ነው። ቮልስ ላይ ያለው የኋላ መቀመጫው ስር፣ መሃል ላይ በሚያልፈው ጉብታ ብረት ላይ ነው፣ ተመትቶ የተጻፈ። የሞተሩን ቁጥር ተወው፣ ሞተር ይፈታል ብዬሃለሁ። የሻንሲው ቁጥር ሰባት አሃዝ ሆኖ በ5 መጨረሻ ወይም በ6 መጀመሪያ ሚሊዮኖች ላይ ከሆነ መኪናዋ የ1963 ወይም የ1964 ናት፣ እማማ ረቱ። አንድ ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ ጓደኛህ ያሰበው 1956 ይሆናል። ሚሊዮነኛዋ ቮልስ ከቮልፍስቡርግ የወጣችው በነሐሴ 1955 ነውና። ያኔ ግን የኋላ መስታወቱን ማን እንዳሰፋው ለኔም ግራ ይገባኛል። ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ሆኖ በ115 ከጀመረ ደግሞ ሁላችንም ተሳስተናል። ከነሐሴ 1964 ወዲህ ቁጥሩ በዚህ መልክ ተቀይሯል፣ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴል ዓመቱን ያሳያል፣ 5 ማለት 1965 ነው።

መቀመጫውን ስታነሳ በቀኝ በኩል ባትሪው እዚያው ስር አለ። የመቀመጫው ሽቦ ጫፉን ከነካው ይተኩሳል፣ ቀስ በል። ጨርቅና የእጅ ባትሪ ያዝ፣ ቁጥሩ የስልሳ ዓመት አቧራ ለብሷል። በብረት ብሩሽ እንዳትፍቀው፣ በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ይለቃል። ያነበብከውን ቁጥር ላክልኝ። እማማ ቡና ካፈሉ ግን ቁጥሩ ይቆያል፣ መጀመሪያ ሰኔ 1 ቀን በየት በኩል እንደነዱ ጠይቅልኝ።